ከልብስ ሰፊው ጆንያ የሚወጣ ብርድ ልብስ፦ መርፌ ይዞ ለማያውቅ ሰው

ጎንደር ላይ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩ ልብስ ሰፊዎችን እግር ሥር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከመኪናው ፔዳል አጠገብ አንድ ጆንያ ወይም ካርቶን አይጠፋም። ውስጡ ያለው እራፊ ነው፦ የዩኒፎርም ቁራጭ፣ ሱሪ ሲያጥር የተቆረጠ እግር፣ ከቀሚስ የተረፈ ጨርቅ፣ አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ምናምን። አብዛኛው መጨረሻው ቆሻሻ ነው፤ ካልሆነም ምድጃ ማቀጣጠያ ይሆናል። ዛሬ የምናወራው ያ ጆንያ እንዴት ብርድ ልብስ እንደሚሆን ነው። ፈረንጆቹ ፓችወርክ ኩዊልት ይሉታል። እኛ የእራፊ ብርድ ልብስ እንበለው።

መጀመሪያ ብርዱን እናውራ፤ ነገሩ የፋሽን ብቻ አይደለማ። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትርን ታልፋለች። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በግምት 6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጎንደር ላይ አንድ ጋቢ የበቃው ሰው ደባርቅ ሄዶ ሲያድር 4 ዲግሪ ያህል የባሰ ብርድ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ከደባርቅ አልፋችሁ ወደ ስሜን ተራሮች ስትገቡማ ሳንቃበርና ጨነቅ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ማለዳ ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከቆላ መጥቶ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደሚፈልግ መገመት ከባድ አይደለም።

ብርድ ልብስ ደግሞ ርካሽ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። ቤት ውስጥ አራት ልጅ ካለ አራት ብርድ ልብስ ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤት ግን አንዱን ለሁለት፣ ለሦስት ይጋሩታል። ጨርቁ ግን አለ፤ በየሳጥኑ፣ በየፌስታሉ፣ በየልብስ ሰፊው ጆንያ አለ።

«ድሪቶ ነው እንዴ?»

ይህን ጥያቄ ቀድመን እንጨርሰው፤ ለእናታችሁ ሐሳቡን ስትነግሯቸው መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው። ድሪቶ ማለት ሲቀደድ እየተጣፈ፣ በተጣፈው ላይ ደግሞ እየተጣፈ የቆየ ልብስ ነው። ቃሉ ስድብ ሆኗል። «ድሪቶ ለባሽ» የተባለ ሰው ድህነቱን በአደባባይ ተነገረው ማለት ነው። ስለዚህ የገጠር ልጅ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ የሚደብቀው የተጣፈ ነገር ነው፤ የምንፈርድበትም አይደለም።

ነገር ግን ሁለቱ ሥራዎች ይለያያሉ። ድሪቶ ላይ እራፊው የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ቀዳዳው ነው። የእራፊ ብርድ ልብስ ላይ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ ቀለሙ ተመርጦ ነው የሚሰፋው። ይህን ደግሞ የሚያየው ሰው ከሩቅ ያውቀዋል፤ ካሬዎቹ እኩል ከሆኑ ማንም ድሪቶ አይለውም። ለዚህም ነው ከታች ስለ ልኬት አሰልቺ እስክንሆን የምንጨቀጭቃችሁ።

ደግሞስ ቁራጭ እየገጣጠሙ መሥራት ለጎንደር መቼ እንግዳ ሆኖ ያውቃል? የአብነት ተማሪ የሚለብሰው ደበሎ የበግ ቆዳ እየተገጣጠመ የተሰፋ ነው፤ አቋቋም ሊያስመሰክር በአታ ለማርያም የመጣ ስንት ደበሎ ለባሽ በከተማዋ አልፏል። ጋቢ ራሱ አራት ድርብ ነው፤ ነጠላ ደግሞ ሁለት። ማለትም ጨርቅ በጨርቅ ላይ ደርቦ መሞቅን ሸማኔዎቻችን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ከፍ ወዳለው ከሄድን ደግሞ በጎንደር ዘመን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ የሐር መጋረጃዎች አሉ። በጠባብ በጠባቡ ተሸምነው ጎን ለጎን በመርፌ የተያያዙ ናቸው። አንዱ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ፣ ሌላው ቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛሉ፤ የቶሮንቶው ርዝመቱ ከ5 ሜትር ያልፋል። እዚህ ጎንደር ሆነን ለማየት ቪዛ የሚያስፈልገን የጎንደር ሥራ መሆኑ ያው የምታውቁት ታሪክ ነው።

ከውጭም አንድ ምሳሌ እንጨምር፤ ከድሪቶው ወሬ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ። አሜሪካ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል በወንዝ የተከበበች መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በጥጥ እርሻ ባሪያ የነበሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ቤታቸው ብርድ ያስገባ ስለነበር ሴቶቹ ያለቀ የሥራ ልብስ፣ የጂንስ ጉልበት፣ የዱቄት ከረጢት ሳይቀር እየቆረጡ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። ለሙዚየም ብለው አልሰፉም፤ ለብርድ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ግን እነዚያ ብርድ ልብሶች ሂዩስተን ከዚያም ኒውዮርክ በትልልቅ ሙዚየሞች ለዕይታ ቀረቡ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አወጣላቸው።

ለእኛ አሠራር የሚቀርበው ግን የቤንጋሎች ካንታ ነው። እነሱ መሃል ላይ የሚጨመር ልዩ ሙሌት የላቸውም። ያረጀ ሳሪ ደራርበው ከዳር እስከ ዳር በቀላል ስፌት ይወጉታል፤ በቃ። ያረጀ ነጠላ ላለው አገር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አናውቅም።

ለምን ይሞቃል?

የሚያሞቀን ጨርቁ ብቻ አይመስላችሁ፤ በድርቡ መሃል ታስሮ የሚቀር አየር ነው። አየር ካልተንቀሳቀሰ ሙቀት አያሳልፍም። ስለዚህ የእራፊ ብርድ ልብስ ሦስት ድርብ አለው፦ ላይኛው የምንገጣጥመው እራፊ፣ መሃል ሙሌት፣ ታች ገበር። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዘው ስፌት ሙሌቱ እንዳይንሸራተት ያደርጋል።

ለመሃሉ ያረጀ ጋቢ፣ የሳሳ ብርድ ልብስ ወይም ሁለት ያረጁ ነጠላዎች ይሆናሉ። ቀዳዳ ቢኖረው ችግር የለም፤ አይታይም። ባዘቶም ይሆናል፤ ነገር ግን ለጀማሪ አንመክረውም። ያልተሸመነ ጥጥ ሲታጠብ እየተሰበሰበ ቋጥኝ ይሆናል፤ እንዳይሆን ከተፈለገ በየ5 እና 6 ሳንቲ ሜትሩ መስፋት ይጠይቃል። የተሸመነ ነገር ግን በየ15 ሳ.ሜ. ቢያዝ ይበቃዋል። ሥራው በግማሽም በላይ ቀነሰላችሁ ማለት ነው።

ጨርቅ መምረጥ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም

ልብስ ሰፊው ጋ ስትሄዱ «ጋሼ፣ የሚጥሉት እራፊ ካለ ይስጡኝ» በሉ፤ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ሂዱ እንጂ ለበዓል ዋዜማ አትሂዱ። ጆንያውን ሙሉ አትውሰዱ። ቢያንስ መዳፍ ከነጣቱ የሚያክለውን ለዩ፤ ከዚያ ያነሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቤት ውስጥ ደግሞ ያረጀ ሸሚዝ፣ አንሶላ፣ የጠበበ ዩኒፎርም ይፈለግ። የሸሚዝ ጀርባ ወርቅ ነው፤ ሰፊና ያላለቀ ጨርቅ ያለው እዚያ ነው።

ቲሸርትና ሹራብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዉት፤ ይለጠጣል። ጂንስም ከስስ ሸሚዝ ጋር አትቀላቅሉት፤ ወፍራሙ ስሱን እየጎተተ ይቀደዋል። ሁሉም ውፍረቱ የሚቀራረብ ይሁን።

ትልቁ ነገር ግን ጥጥ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ የሚለው ነው። የሚተኛበት ቤት ውስጥ ምድጃ፣ ሻማ ወይም ኩራዝ ካለ ፖሊስተር አደገኛ ነው። ጥጥም ይቃጠላል፤ ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፣ የቀለጠው ደግሞ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። መለየቱ ቀላል ነው። ከጨርቁ ጥቂት ክር ምዘዙ፣ በጉጠት ያዙት፣ ከቤት ውጭ ውኃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይበናል። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ከሆነ እየተኮማተረ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ብዙ ዩኒፎርም ድብልቅ ነው፤ ሁለቱንም ምልክት ያሳያል። እኛ ብንሆን ፍሬ የሚሠራውን ሁሉ ለልጅ ብርድ ልብስ አንጠቀምም፤ ለመቀመጫ ትራስ ይሁን።

ከዚያ ሁሉንም ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ ከተሰፋ ብርድ ልብሱ ከታጠበ በኋላ ይጨማደዳል። ከሰው የመጣ አሮጌ ልብስ ከሆነ ደግሞ በደንብ በሞቀ ውኃ ይሁን፤ ትኋንን ቤት ድረስ መጋበዝ አያስፈልግም። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ቀለም ይለቃል፤ በረጠበ ነጭ ጨርቅ እሹት፣ ነጩ ከቀላ ለብቻው ደጋግማችሁ እጠቡት፣ እምቢ ካለ ተዉት።

ልኬቱ

የመጀመሪያችሁ ትልቅ አይሁን። 6 ካሬ ወደ ጎን፣ 8 ካሬ ወደ ታች፣ በድምሩ 48 ካሬ። ልጅ ይሸፍናል፣ ቁጭ ብሎ ለሚያጠና ሰው ጭን ላይ ይሆናል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ሲተኛ አትሸፍኑት፤ ፊቱ ላይ ወጥቶ ሊያፍነው ይችላል። ለእሱ መሬት ላይ ይነጠፍለት።

እያንዳንዱ ካሬ ሲቆረጥ 17 በ17 ሳ.ሜ. ነው። በየጎኑ 1 ሳ.ሜ. ለስፌት ይገባል፤ ስለዚህ ሲሰፋ 15 በ15 ይሆናል። 6 ጊዜ 15 90 ነው፣ 8 ጊዜ 15 ደግሞ 120። ዳርና ዳሩ ላይ ገና ያልተሰፋ 1 ሳ.ሜ. ስለሚቀር ላይኛው ተገጣጥሞ ሲያልቅ 92 በ122 ይሆናል። ይቺን ቁጥር ያዙልን፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ማስመሪያ ከሌላችሁ ኤ4 ወረቀት አለ፤ ወርዱ 21 ሳ.ሜ. ነው። የፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከአንዱ ማዕዘን ተነስታችሁ በሁለቱም በኩል 17 ሳ.ሜ. ለክታችሁ ወፍራም ካርቶን ላይ ገልብጡት። ይህ ካርቶን እናት ናት። ሁሉም ካሬ ከእሷ ይቆረጥ፤ ከተቆረጠ ካሬ ላይ ሌላ ካሬ አትለኩ፤ እንደዚያ ከሆነ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እያደገ አርባ ስምንተኛው ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ለማስመሪያ ጠመኔ ወይም ያለቀ የሳሙና ስባሪ ይበቃል።

የካርቶኑን ጠርዝ ከጨርቁ ክር ጋር አስተካክሉ። የተሸመነ ጨርቅ ክሩ ወደ ቁመትና ወደ ወርድ ነው የሚሄደው፤ ሰያፍ ከተቆረጠ ይለጠጣል። ክሩ የቱ ጋ እንደሚሄድ ካልታያችሁ ዳሩን በመቀስ ትንሽ ነካ አድርጋችሁ በእጅ ቅደዱት፤ የጥጥ ጨርቅ ራሱ ቀጥ ብሎ ይሄድላችኋል።

መደርደር፣ ስልካችሁ የሚሠራበት ቦታ

48ቱን መሬት ላይ ወይም አልጋ ላይ ዘርጉ። ብሩህና ጠቆር ያለው እየተፈራረቀ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ግን ዓይን ይታለላል፤ ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲሆኑ የተለያዩ ይመስሉናል እንጂ ጥቁረታቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከላይ ቆማችሁ ፎቶ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ጨለማ ጨለማው አንድ ጥግ ከተሰበሰበ ወዲያው ይታያችኋል። አስተካክሉ፣ ደግሞ አንሱ። ሲያልቅ የመጨረሻውን ፎቶ አስቀምጡት። ሕፃን ወይም ድመት አልፎበት ሲበተን ካርታችሁ እሱ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ረድፍ ደራርባችሁ በእስፒል ያዙት፣ ላዩ ላይ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይኑር።

መስፋት

ሁለት ካሬ መልክ ለመልክ ግጠሙ፤ ማለትም ቆንጆው ወገን ወደ ውስጥ። አንዱን ጎን ከዳሩ 1 ሳ.ሜ. ገባ ብላችሁ ስፉ። ስፌቱን ስትጀምሩና ስትጨርሱ ሁለት ሦስት ጊዜ መላልሱበት፤ እንዳይተረተር። ከዚያ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ ስድስት እስኪሞላ። ይህ አንድ ረድፍ ነው። ስምንት ረድፍ ትሠራላችሁ።

በሲንጀር ወይም በማንኛውም ፔዳል መኪና ከሆነ ከመርፌው 1 ሳ.ሜ. ለክታችሁ መኪናው ጠረጴዛ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፤ የጨርቁ ዳር ፕላስተሩን እየታከከ ይሂድ። እጃችሁ ጨርቁን አይጎትት፤ መኪናው ራሱ ይወስደዋል፣ እናንተ አቅጣጫ ብቻ ያዙ። በእጅ ከሆነ ደግሞ መስመሩን በጠመኔ አስምሩ፤ መርፌው በ1 ሳ.ሜ. ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይግባ።

በእጅ ስንት ጊዜ ይፈጃል? እናስላው። በየረድፉ 5 መገጣጠሚያ አለ፤ በ8 ረድፍ 40 ይሆናል። እያንዳንዱ 17 ሳ.ሜ. ሲሆን ወደ 7 ሜትር ይመጣል። ረድፎቹን ለማያያዝ ደግሞ 92 ሳ.ሜ. ርዝመት ያላቸው 7 መስመሮች አሉ፤ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ። በድምሩ 13 ሜትር ያህል። አንድ ሜትሩን በግማሽ ሰዓት ብትሰፉ ላይኛው ድርብ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ይወስዳል። በየማታው አንድ ሰዓት ብትሰጡት አንድ ሳምንት ነው። አንድ ተከታታይ ድራማ እያዳመጡ ማለት ነው፤ እያዩ ግን አይሆንም፣ ጣት ይወጋል።

አሁን ጀማሪውን ከለማጁ የሚለየው ነገር፦ ካውያ። እያንዳንዱ ረድፍ ሲያልቅ በጀርባው ያለውን የስፌት ትርፍ ወደ አንድ ወገን አስተኝታችሁ ተኩሱ። አንደኛውን ረድፍ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛውን ወደ ግራ፣ ሦስተኛውን እንደገና ወደ ቀኝ። ለምን? ሁለቱን ረድፍ ስትገጥሙ ትርፎቹ በተቃራኒ ስለተኙ አንዱ በአንዱ ውስጥ ቁጭ ይላል፤ በጣታችሁ ስትዳስሱ ጥርስ እንደገጠመ ይሰማችኋል። እዚያ ቦታ ላይ እስፒል ውጉ። ማዕዘኖቹ መስቀል ሠርተው የሚገናኙት በዚህ ነው። መብራት ከጠፋ የከሰል ካውያ ያው ነው፤ ግን አመድ እንዳይረግፍበት።

መኪና ከሌላችሁና በእጅ መስፋቱ ካታከታችሁ ካሬዎቹን ቆርጣችሁ፣ ቁጥር ሰጥታችሁ፣ በእስፒል ይዛችሁ ለልብስ ሰፊው ውሰዱለት። 13 ሜትር ቀጥ ያለ ስፌት ለእሱ ትንሽ ሥራ ነው። ዋጋውን ግን ሳይጀመር ተነጋገሩ፤ በካሬ ሳይሆን በሙሉ ሥራው ተዋዋሉ።

ሦስቱን ማዋሐድ

ገበሩ ከላይኛው በየጎኑ ሰፋ ማለት አለበት። 110 በ140 አድርጋችሁ ቁረጡት፤ አቡጀዲ ጥሩ ነው፣ ያረጀ አንሶላም እንዲሁ። ወርዱ ካልበቃ ሁለት ጨርቅ ቀጥሉ። መሬቱን ጥረጉና ገበሩን መልኩን ወደ ታች አድርጋችሁ ዘርጉ፣ አራቱን ጥግ በፕላስተር ወይም በድንጋይ ወጠር አድርጋችሁ ያዙት። በላዩ ጋቢውን ወይም አሮጌውን ብርድ ልብስ፤ ሽብሽቡን ከመሃል ወደ ዳር በእጅ እያባበላችሁ አውጡት። በላዩ የተገጣጠመውን እራፊ መልኩን ወደ ላይ።

አሁን ሽልል ስፉበት፤ ሰፋ ሰፋ እያደረጋችሁ፣ በኋላ የሚፈታ ጊዜያዊ ስፌት ማለት ነው። ሁልጊዜ ከመሃል ተነሱና ወደ ዳር ሂዱ። ከዳር ከጀመራችሁ ሽብሽቡ መሃል ላይ ተሰብስቦ መውጫ ያጣል። ይህችን ግማሽ ሰዓት ለማዳን የዘለላት ሰው ገበሩን ሲገለብጥ የሚያየው አያስደስተውም።

ሦስቱን ለዘለቄታው ለመያዝ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የካሬዎቹን መስመር ተከትሎ በሦስቱም ድርብ ማለፍ ነው። በመኪና ይሆናል፤ ግን ወፍራም ስለሆነ ጠንከር ያለ መርፌ፣ 100 ወይም ቁጥር 16 የሚባለውን ይፈልጋል፣ ለጀማሪም ያስቸግራል። ሁለተኛው ቋጠሮ ነው፤ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። አራት ካሬ በሚገናኙበት ማዕዘን ሁሉ ጠንካራ የጥጥ ክር በወፍራም መርፌ ከላይ ወደ ታች አስገቡ፣ ከግማሽ ሳ.ሜ. በታች ፈቀቅ ብላችሁ ወደ ላይ መልሱት፣ ሁለት ጊዜ አጥብቃችሁ ቋጥሩ፣ 2 ሳ.ሜ. ጫፍ ትታችሁ ቁረጡ። 5 በ7፣ 35 ቋጠሮ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፣ ማዕዘኖቹ ትንሽ ባይገጣጠሙም ክሩ ይሸፍናቸዋል። ቤት ውስጥ የተፈተለ ድር ካለ ሁለቱን አንድ ላይ ግመዱት፤ ከሱቅ ክር ይልቅ ይይዛል። የሹራብ ክር ግን ይንሸራተታል፤ ተዉት።

ዳሩ

ሙሌቱን ከላይኛው እራፊ ዳር እኩል ከርክሙት፤ ገበሩ እንዳይነካ አደራ። ከዚያ ገበሩን ከእራፊው ዳር 5 ሳ.ሜ. እንዲያልፍ አድርጋችሁ ዙሪያውን አስተካክሉ። ያቺ 92 በ122 እዚህ ላይ ነው የምታስፈልገው፤ ገበሩ 102 በ132 ከሆነ ልክ ነው። የገበሩን ዳር በግማሹ አጥፋችሁ ከእራፊው ጠርዝ ጋር አገናኙት፣ ደግማችሁ እጠፉና እራፊው ላይ አስተኙት። ጥሬው ዳር ውስጥ ተደብቆ 2.5 ሳ.ሜ. የሆነ ንጹሕ ክፈፍ ይወጣል። በእስፒል ያዙና ቀምቅሙት። መጀመሪያ ሁለቱን ረጃጅም ጎን፣ ቀጥሎ አጫጭሮቹን፤ ማዕዘኑን በሦስት አራት ጥቅጥቅ ያለ ስፌት አጥብቁት፣ ልጆች የሚጎትቱት እሱን ነው። ከዚያ ሽልሉን ፍቱት።

ትልቁን የፈለገ 10 በ14፣ 140 ካሬ ይቁረጥ፤ ለአንድ ሰው አልጋ የሚበቃ 152 በ212 ይወጣዋል። እጁን ማፍታታት የፈለገ ደግሞ በተቃራኒው 9 ካሬ ይያዝ፤ 3 በ3 ገጣጥሞ የትራስ ልብስ ይስራ። ትራሱ ላይ ስፌታችሁ ቀጥ ካለ ብርድ ልብሱ አያስቸግራችሁም።

ይሸጣል ወይ የሚል ጥያቄ እንደማይቀር እናውቃለን። በእጅ ሥራ ገቢ ማግኘት ለከተማዋ አዲስ አይደለም፤ ወደ እስራኤል ለመሄድ ጎንደርና አዲስ አበባ ላይ ሲጠባበቁ የነበሩ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ አባላት፣ ሴቱም ወንዱም፣ ጥልፍ እየሠሩ ለውጭ ገበያ ያቀርቡ ነበር። የእራፊ ብርድ ልብስ ግን ጨርቁ በነፃ ቢገኝም ሰዓቱ በነፃ አይደለም። ላይኛውን፣ ሽልሉን፣ ቋጠሮውን፣ ዳሩን ደምሩ፤ በእጅ ከሆነ 15 ሰዓት አያንሰውም። ገበያ ላይ ካለ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ጋር በዋጋ ልወዳደር ያለ ሰው ከሰዓቱ ላይ ነው የሚከፍለው። የመጀመሪያውን ለቤታችሁ፣ ሁለተኛውን ለአራስ ጥየቃ ስጦታ አድርጉት፤ ሦስተኛው ላይ ያያችሁት ሰው ራሱ «ለእኔም ስሪልኝ» ይላል፣ ያኔ ዋጋ ይቆረጣል።

አጠባቡን ደግሞ አትዘንጉ። ሦስት ድርብ ጥጥ ውኃ ሲጠጣ በጣም ይከብዳል፤ በሁለት ጥጉ ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ ክብደቱ ቋጠሮውን ይበጥሳል። ጨምቁት እንጂ አትጠምዝዙት፤ ንጹሕ ሣር ወይም ቁጥቋጦ ላይ ዘርጉት፣ በየመሃሉ ገልብጡት። በክረምት አትጠቡት፤ ደባርቅና ዳባት ላይ ለመድረቅ ቀናት ይወስድበታል፣ እርጥበት ይዞ ከታጠፈ ደግሞ ይሻግታል። ዝናቡ ሲያቆም፣ ከመስቀል በኋላ ባለው ፀሐይ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከተሰጣ ለማታ ይደርሳል።